«ኧረ በሰበስኩ!»

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ልደታ አካባቢ፣ ከትርጉም ቤቶቹና ከጽሕፈት ሱቆቹ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት አለች። ዝናብ ሲጥል ጣሪያዋ እንደ ከበሮ ስለሚመታ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚያወራው። ምናልባት ክርክሩ ያን ያህል የጦፈው ለዚህ ይሆናል።

እኔ ጥግ ይዣለሁ። ከፊቴ አንዲት ወጣት ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣለች። አንዱ ትርጉም ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ቢሮዋ መብራት ሲጠፋ እዚህ ትመጣለች። ከጎኗ የኔታ የምንላቸው ሽማግሌ አሉ። ልጅነታቸውን ቅኔ ቤት፣ ጎልማሳነታቸውን መዝገብ ቤት አሳልፈው አሁን ጡረተኛ ናቸው። የሻይ ቤቷ ባለቤት እትዬ ምድጃው ጋ ድንች ይልጣሉ። በፊት አትክልት ተራ ነበሩ።

አናጺው ገባ። ከፀጉሩ እስከ ጫማው ይንጠባጠባል። ጃኬቱን እያራገፈ «ኧረ በሰበስኩ!» አለ።

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ሰው ሲበሰብስ ይሳቃል?»

«ይቅርታ ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህች ቃል ጋር ስታገል ውዬ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛ የሚተረጎም ጽሑፍ አምጥቷል። ጽሑፉ «ሮት» ስለምትባል የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ ነው። መበስበስ ማለት ናት። ችግሩ፣ ቃሏ በየገጹ መልኳን ትቀይራለች። አንድ ቦታ ድንች ላይ ናት፣ አንድ ቦታ የፓርላማ ወንበር ላይ፣ አንድ ቦታ ወይን ላይ፣ መጨረሻ ላይ የልጆች ጭንቅላት ውስጥ። አለቃዋ ደግሞ «አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ይተርጎም፣ ደንበኛው ግራ እንዳይገባው» ብሏል። እሷ እንደዚያ መሄድ አቅቷታል።

መነሻውን አነበበችልን። ሮት አሮጌ ቃል ናት። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሮቲያን» ነበረች። «ሮትን» የሚለው ቅጽል፣ የበሰበሰ ማለቱ፣ የመጣው ግን ከሰሜን በመርከብ ከገቡት ከቫይኪንጎቹ ቋንቋ ነው። ግሱ የቤት ልጅ፣ ቅጽሉ እንግዳ። «ሬት» የምትባል ዘመድም አለቻት፤ የኛን መራራ ሬት እንዳይመስላችሁ። የተልባን አገዳ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ለስላሳው በስብሶ ጭረቱ እንዲለቅ ማድረግ ማለት ናት። ጭረቱ ተፈትሎ ጨርቅ ይሆናል።

«መጽሐፉ ‹የተልባ እግር› የሚለው ልብስ ነዋ!» አሉ የኔታ። በጣም ደስ አላቸው። «አየሽ፣ ውሃ የጠጣውንና የፈረሰውን በዝምድና የሚያዩት እነሱም ናቸው። እኛ ዝናብ የመታውንም በሰበሰ፣ የሞተውንም በሰበሰ እንላለን። ይኸው አናጺው ምስክር ነው።»

«የበሰበሰ ዝናብ አይፈራም» አለ አናጺውና ሻይ አዘዘ።

እስከዚህ ሰላም ነበር። ጠቡን የጀመረው እሱ ነው። ሎንዶን 19 ዓመት በአናጺነት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ስለ እንግሊዝ ሲወራ አፉን መያዝ አይችልም። «አለቃሽ ልክ ነው» አላት። «ሮት ሮት ነው። እንጨቱም ሮት፣ ፖለቲካውም ሮት፣ ጥርሱም ሮት። የእንግሊዝኛ ጉልበቱ እሱ ነው። አንዷን ቃል ይዘህ የትም ትገባለህ።»

የኔታ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ጉልበት አይደለም፣ ድህነት ነው» አሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። እንጀራ ይሻግታል። እህልና እንጨት ይነቅዛል። ብረት ይዝጋል። ቁስል ያመረቅዛል። ሥጋና እንቁላል ይገማል። ልብስ ይነትባል። ስንዴን ዋግ ይመታዋል። «ለሁሉም ስም አለን። ይቺ ልጅ ለምን በአንዷ ታንቃ ትሙት?»

እዚህ ላይ ለእውነት ያህል፣ የኔታ ትንሽ አጋነኑ። እንግሊዞችም ለዝገቱ፣ ለሻጋታው፣ ለነቀዙ የየራሱ ቃል አላቸው። አናጺውም ይህንኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት እትዬ ከምድጃው ቀደሙት።

«አንተ፣ ስሙ የበዛው እኮ ለጌጥ አይደለም» አሉት፣ ቢላዋውን እንደያዙ። «እንጀራ ሲሻግት የሻገተውን ቆርሰህ ትጥላለህ፣ የቀረውን ታደርቀዋለህ። እህል ሲነቅዝ ፀሐይ ታሰጣዋለህ፣ ታበጥረዋለህ። ብረት ሲዝግ ትፈገፍገዋለህ። ቁስል ሲያመረቅዝ ታጥበዋለህ። ድንች ከበሰበሰ ግን ምን ታደርገዋለህ? ከጆንያው አውጥተህ ትጥለዋለህ። ዛሬውኑ። አለዚያ ነገ ጆንያው በሙሉ ውሃ ያወጣል። ቃሉ የሚነግርህ ምን ማድረግ እንዳለብህ ነው።»

ዝም አልን። ቆርቆሮው ብቻ ነበር የሚያወራው። እኔ በልቤ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል አልኩ። አላለቀም።

አናጺው «ድራይ ሮት»ን አመጣ። ደረቅ ብስባሴ ማለት ነው፤ የሎንዶን አሮጌ ቤቶች መቅሠፍት። የሚያመጣው ሻጋታ መሰል ፈንገስ ነው። ስሙ ውሸት ነው፣ አለ፤ ያለ እርጥበት አይነሣም። እንጨቱ ከመቶ 20 ገደማ ውሃ ካልያዘ አይዘውም። እንዲያውም የሳይንስ ስሙ «የሚያለቅሰው» የሚል ትርጉም አለው፣ ላዩ ላይ እንደ እንባ ጠብታ ስለሚያወጣ። ደረቅ ያሰኘው የሚተወው እንጨት ነው። ጡብ በሚመስሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይሰነጣጠቃል፣ በጣትህ ስትጫነው ዱቄት ይሆናል።

«ክፋቱ ደግሞ» አለ፣ «ቀለሙ እንዳለ ነው። አንድ ቀን አንድ ቤት ገባሁ። የበሩ መቃን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ። ባለቤቷ ‹ትንሽ የእንጉዳይ ሽታ ይሸተኛል› አለችኝ። በመዶሻ ጫፍ ነካ ባደርገው እጄ ገባ። እንጨት ፍለጋ በግንብ ውስጥ አልፎ ሌላኛው ክፍል ደርሷል። የተማርነው ሕግ፣ ከሚታየው አንድ ሜትር አሳልፈህ ቁረጥ ነው።»

የጦር መርከቦቻቸውም በዚሁ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1810 ውሃ ላይ የወረደችው «ኩዊን ሻርሎት» የምትባል ትልቅ መርከብ ለዘመቻ ሳትወጣ በስብሳ እንደገና መሠራት ግድ ሆነባት። አናጺው ይህን ሲናገር የራሱ መርከብ የሰጠመች ነው የሚመስለው።

«ታዲያ ይሄ ነቀዘ ነው እንጂ በሰበሰ አይደለም» አሉ እትዬ። «ላዩ ደህና፣ ውስጡ ዱቄት።»

«ነቀዝ ነፍሳት ነው፣ እትዬ። ይሄ ፈንገስ ነው።»

«ባቄላው ምን ገደደው ማን እንደበላው?»

ልጅቷ በዚህ መሐል ሌላ ገጽ ገልጣለች። በእንግሊዝ «ሮትን ቦሮ» የሚባሉ የምርጫ ወረዳዎች ነበሩ። ዋናው ምሳሌ ኦልድ ሳረም ነው፣ ሳልዝበሪ አጠገብ ያለ ኮረብታ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካቴድራሉም ሕዝቡም ወደ ሜዳው፣ ወደ አዲሱ ከተማ ወረዱ። ኮረብታው ላይ ሣርና ፍርስራሽ ቀረ። ግን 2 የፓርላማ ወንበር ነበረው። በመጨረሻው ዘመን መራጮቹ በጣት የሚቆጠሩ የመሬት ባለቤቶች ነበሩ፤ ኑሯቸውም ሌላ ቦታ ነው። ደንዊች የምትባለውን ወደብ ደግሞ አብዛኛዋን ባሕር በልቷታል። እሷም 2 ወንበር ነበራት። በዚያው ዘመን በፋብሪካ ጢስ የታጀበችው፣ በሰው ብዛት የተጨናነቀችው ማንቸስተር የራሷ ወኪል አልነበራትም። እስከ 1832 ድረስ። በዚያ ዓመት የወጣው የማሻሻያ ሕግ 56 እንዲህ ያሉ ወረዳዎችን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ።

እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ይሄማ የነቀዘ ባቄላ ነው! ቆዳው አለ፣ ስሙ አለ፣ ወንበሩ አለ። ውስጡ ሰው የለም።»

ሁላችንም አጨበጨብን ማለት ይቻላል። አናጺው እንኳ ተረታ። ልጅቷ «የነቀዙ የምርጫ ወረዳዎች» ብላ ጻፈች። ቀጥላ ማንበቧ ነው ያበላሸው።

ወረዳዎቹን በዚህ ስም ዝነኛ ካደረጉት ሰዎች አንዱ የእንግሊዙ ፖለቲከኛ ዊልያም ፒት፣ አባትየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 ፓርላማ ውስጥ ቆሞ፣ ይህ የሕገ መንግሥታችን የበሰበሰው ክፍል ነው፣ ራሱ ካልወደቀ ተቆርጦ መውጣት አለበት አለ። ይህ ሰው ራሱ በ1735 ፓርላማ የገባው በየትኛው ወንበር ይመስላችኋል? በኦልድ ሳረም። አያቱ ገዝተውት የቤተሰብ ንብረት ሆኖ ነበር።

«በልቶ ጠገበና ገበታውን ሰደበ» አለ አናጺው።

የኔታ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበሩ። «ይቆረጥ ነው ያለው?»

«አዎ የኔታ። እንደ እጅና እንደ እግር።»

«እግር ይነቅዛል?»

ልጅቷ የጻፈችውን አየች። ጠፋት። ሰውዬው ያሰበው ባቄላ አይደለም፣ የታመመ አካል ነው። አካል ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም ይቆረጣል። እትዬ በራሳቸው ሕግ ተያዙ። ነቀዘ ካልክ ፀሐይ አስጥተህ ታበጥራለህ። ፒት ማበጠር አልፈለገም። ልጅቷ «ነቀዙ» የሚለውን አጠፋች። ከዚያ መልሳ ጻፈችው። እኔ እስከማይ ድረስ አራት ጊዜ አጥፍታ ጽፋለች።

የኔታ ሲያሸንፉ ዝም አይሉም። እዚያው ላይ ሙስናን አነሡ። የሮት ታላቅ እህት «ኮራፕሽን» ናት፣ የላቲን ልጅ። መነሻዋ መስበር ነው፤ ድሮ የሬሳ መፍረስንም ትገልጽ ነበር። በ1611 በታተመው የእንግሊዞቹ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ቅዱስህ መበስበስን አያይም በሚለው የዳዊት መዝሙር ላይ ያለችው እሷ ናት። «በግዕዙ ዳዊት ያው ቦታ ላይ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው በዜማ ሊሉት ምንም አልቀራቸውም፦ «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና።»

«ሙስና? ያው የዜናው ሙስና?» አሉ እትዬ።

«ያው ራሱ። ማሰነ ማለት ጠፋ፣ ፈረሰ፣ በሰበሰ ነው። ሙስና የመቃብር ቃል ነበር። ኋላ ነው ቢሮ የገባው።»

ይሄ እኔንም አስደነገጠኝ። በ1993 ዓ.ም. ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሲቋቋም ስሙን ሰምተን ያለፍነው እንደ አንድ የመንግሥት ቃል ነው። ፀረ መበስበስ ኮሚሽን ቢባል ኖሮ አፍንጫችንን እንይዝ ነበር። ሁለት ቋንቋዎች የመቃብሩን ቃል አንሥተው ለጉቦ ሰጡት። በሁለቱም ቋንቋ ደግሞ ሽታው በመንገድ ላይ ጠፋ።

እትዬ ግን የተናደዱት በሌላ ነው። «እናንተ ስለ ግዕዙ ትጨነቃላችሁ። ጉቦውን ‹ለሻይ› ነው የሚሉት! የእኔ ሻይ 15 ብር ነው። እነሱ ለሻይ ብለው ሺህ ይቀበላሉ። የማን ስም ነው የሚበሰብሰው?»

በዚህ አልተከራከርናቸውም። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ሦስት ወር ስመላለስ ከቆየሁበት መሥሪያ ቤት «ሻይ አትጋብዘንም?» ተብያለሁ። የዋህ ሆኜ ካፌ ልወስዳቸው ተነሥቼ ነበር።

ስለ ወይኑ ብዙ አልቆየንም። ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ አጠገብ ሶተርን በሚባል ቦታ፣ ሻጋታ የያዘውን ወይን ሆን ብለው ይጠብቁታል። ሻጋታው የፍሬውን ውሃ ያስተንነዋል፣ ስኳሩ ይሰበሰባል፣ ውድ ጣፋጭ መጠጥ ይወጣዋል። እንግሊዞቹ «ኖብል ሮት» ይሉታል፣ ክቡር ብስባሴ። ልጅቷ በየዋህነት «እንደ ቆጮ ማለት ነው» አለች። እትዬ ጉራጌ ናቸው። ቢላዋው ቆመ።

«ቆጮ በሰበሰ ነው የምትዪው?»

«አይ እትዬ፣ ማለቴ… ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ወር ስለሚቆይ…»

«ተብላላ ነው የሚባለው፣ የኔ ልጅ። ተብላላ! ሰው የሚጠብቀው ይብላላል። የተረሳ ነው የሚበሰብሰው።»

ልጅቷ «ክቡር» የሚለውን አጥፍታ «የተብላላ» ብላ አስተካከለች። የመጨረሻው ገጽ «ብሬን ሮት» ነው።

ይሄን ወጣቶች ሁሉ ያውቁታል። ቲክቶክ ላይ ሌሊቱን የማይረባ ነገር ሲያገላብጥ ያደረ ሰው «አንጎሌ በሰበሰ» ይላል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አሳታሚ የ2024 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል፤ ከ37 ሺህ በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጥተዋል። አዲስ ቢመስልም አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው «ዋልደን» በተባለ መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። እንግሊዝ የድንቹን መበስበስ ለማዳን ትደክማለች፣ ከዚያ ይልቅ የተስፋፋውንና የሚገድለውን የአንጎል መበስበስ የሚያድን የለም ወይ ነው ነገሩ።

ያን ጊዜ ድንች ቀልድ አልነበረም። ከ1845 ጀምሮ በሽታው አየርላንድ ገብቶ ድንቹ በማሳም በጎተራም ጠቆረ፣ ገማ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና ረኃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። እትዬ ይህን ሲሰሙ የላጡትን ድንች አንድ ጊዜ አዩት። «ሽታውን አውቀዋለሁ» አሉ። «አንዲት ጆንያ ብቻ በስብሳብኝ ሱቁ ሳምንት ከርፍቶ ነበር። አገር ሙሉ ሲሆን አስቡት።»

ለዘመኑ ብሬን ሮት የኔታ «የአእምሮ ዝገት» አሉ። ሰው ቋንቋውን ሲረሳ «ዛገብኝ» አይል? ልጅቷ ተቃወመች። «ዝገት እኮ ሳይጠቀሙበት ሲቀር ነው የኔታ። እኛ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተጠቀምንበት ነው።» እትዬ «ሻገተ በሉት፣ ብርሃን ስላላገኘ» አሉ። አናጺው «ሮት ሮት ነው» አለ፣ አሁንም። እልኸኛ ነው።

እኔ ያን ቀን ብዙ አልተናገርኩም፤ አሁን ፍርዴን ልስጥ። አለቃዋ ተሳስቷል። አናጺውም አብሮት። ግን የኔታም ቃል ስለበዛልን ብቻ ልክ አይሆኑም። ሚዛኑ የእትዬ ነው፦ ያ ሰው ያንን ቃል ሲመርጥ ነገሩን ምን ሊያደርገው አስቦ ነበር? በዚህ ስመዝን፣ እኛ ያጨበጨብንለት «የነቀዙ ወረዳዎች» ቢያምርም ይውጣ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፣ አልክድም። ፒት ሊቆርጥ ነው የተነሣው፣ በ1832ም ተቆርጧል። የበሰበሱ ይባሉ። የቶሮም እንዲሁ መበስበስ ይሁን፤ ድንቹና አንጎሉ በአንድ ቃል ካልታሰሩ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። የቲክቶኩን ግን ለእትዬ እሰጣለሁ። የሻገተ አንጎል። ልጅቷ እያሳቃት ነው ያወራችው፤ በበሰበሰ ነገር ማንም እንደዚያ አይስቅም፣ የሻገተውን ቆርሶ የቀረውን አድርቆ እንደሚበላው ታውቃለች።

ሙስና ላይ ብቻ ከሁሉም እለያለሁ። የኔታ «ሙስና በቂ ነው፣ ትርጉሙን ያስተምሩት» ይላሉ። በሰባኪ ካልሆነ በቀር ማን ያስተምረዋል? እዚያ ገጽ ላይ እኔ ብሆን ሙስናን ትቼ መበስበስ ብዬ እጽፍ ነበር። ልጅቷ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፈች፣ አለቃዋ አንዱን ይሰርዝ ብላ። የትኛውን እንደሚሰርዝ መገመት አያቅተኝም።

ዝናቡ ሲያባራ አናጺው ጃኬቱን ጨምቆ ለበሰ። አሁንም በስብሷል። የሁላችንንም ሒሳብ የከፈለው እሱ ነው። 75 ብር። ለሻይ፣ ለእውነተኛው ሻይ።